በትንባሆ አገር የተተከለ ወፍጮ፦ የኤሊኮትስ ሚልስ ሰፈር አጀማመር

በ1771 ከፔንሲልቫኒያ የመጡ ወንድማማቾች ሜሪላንድ ውስጥ፣ በፓታፕስኮ ወንዝ ዳር፣ መሬት መግዛት ጀመሩ። (ቀኖቹ፣ ወሮቹና ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መሬቱ ለእርሻ የሚሆን አልነበረም። ግራና ቀኙ ገደል፣ ታቹ ድንጋይ፣ የቀረው ጫካ ነው። ወንድማማቾቹ እዚያ ሊሠሩ ያሰቡት ደግሞ ትልቅ የስንዴ ወፍጮ ነበር። በዙሪያቸው ያለው ባለርስት ግን የሚያመርተው በዋናነት ትንባሆ ነው። ትንባሆ ደግሞ አይፈጭም።

ሜሪላንድ ያኔ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ናት። ሰፈሩ ኤሊኮትስ ሚልስ ተባለ፤ የኤሊኮት ወፍጮዎች ማለት ነው። ዛሬ ኤሊኮት ሲቲ ይባላል። ሲልቨር ስፕሪንግ ለሚኖር የአገራችን ሰው በመኪና ሩቅ አይደለም። ብዙዎቻችን በቅዳሜ ከሰዓት ሄደን የድንጋይ ቤቶቹን አይተን፣ ቡና ጠጥተን እንመለሳለን። ታሪኩን ግን ስንሰማው ባጭሩ ነው፦ ወንዝ ነበረ፣ ወፍጮ ተተከለ፣ ከተማ ሆነ።

ይህ አነጋገር ዋናውን ነገር ይዘላል። ወንዙ ከጥንትም ነበር። የውሃ ወፍጮም በሜሪላንድ አዲስ ነገር አልነበረም። ኤሊኮቶች ከሌላው የተለዩት ከወፍጮው በፊት ያለውን ነገርና ከወፍጮው በኋላ ያለውን ነገር ራሳቸው ስለሠሩ ነው። በአንድ በኩል ገበሬው ምን ይዝራ የሚለውን፣ በሌላ በኩል ዱቄቱ መርከብ ላይ እንዴት ይውጣ የሚለውን። በዚህ መሀል ደግሞ ከወፍጮው በላይ ያለው ኮረብታ ላይ አንድ ጥቁር ገበሬ ይኖር ነበር። የሰፈሩ ታሪክ ያለ እሱ ጎዶሎ ነው፤ ስለዚህ ሰውየው ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

ቦታው ለምን ተመረጠ?

በሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል ድንጋያማው ከፍተኛ መሬት ያልቅና ለጥ ያለው የባሕር ዳርቻ ሜዳ ይጀምራል። ወንዞቹ ይህን ድንበር ሲያልፉ ይወድቃሉ፣ ይፈጥናሉ። ባልቲሞር፣ ዋሽንግተንና ሪችመንድ ያሉት በዚሁ መስመር ላይ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ከድንበሩ በላይ መርከብ አይሄድም፣ ከድንበሩ በታች ደግሞ ውሃው መንኮራኩር የሚያዞር ጉልበት የለውም። ሁለቱም የሚገናኙት እዚያው ነው።

ፓታፕስኮ የሚለው ስም የመጣው ከአገሬው ተወላጆች ቋንቋ ነው። ሳስኩዌሃኖክ የሚባለው ሕዝብ በ1652 በተደረገ ውል በዚህ በኩል ያለውን ሰፊ መሬት ለቅኝ ገዢዎቹ ለቀቀ። ኤሊኮቶች ሲደርሱ መሬቱ ከነጭ ባለርስት ወደ ነጭ ባለርስት ሲሸጥ ሲለወጥ መቶ ዓመት አልፎት ነበር።

ለወፍጮ የሚመቸው ገደላማ ሸለቆ ለጎርፍም ይመቻል። ከዳገቱ የሚወርዱት ትንንሽ ጅረቶች የሚገናኙት ሰፈሩ መሀል ነው። ሐምሌ 24 ቀን 1868 የፓታፕስኮ ጎርፍ ወፍጮዎችንና ቤቶችን ጠርጎ ወሰደ፤ ከ40 ያላነሱ ሰዎች ሞቱ። በ1972 አግነስ የተባለው ማዕበል መጣ። በ2016 እና በ2018 ደግሞ ዋናው መንገድ ራሱ ወንዝ ሆኖ መኪናዎችን ሲነዳ በቴሌቪዥን አይተናል። ከመሥራቾቹ ዘመን የቀረው፣ የአንዱ መሥራች ልጅ የጆርጅ ኤሊኮት የድንጋይ ቤት፣ በ1789 የተሠራው፣ ከጎርፍ ለማዳን ሲባል በ1987 ከነበረበት ተነሥቶ ከመንገዱ ማዶ ተተክሏል። ቤት ሙሉ በሙሉ ሲጓዝ ማለት ነው። አጠገቡ የነበረው የጆናታን ኤሊኮት ቤት በ1972ቱ ጎርፍ ጠፍቷል። ይህን ያነሣሁት የሰፈሩ አደጋ ዛሬ የመጣ እንዳይመስለን ነው። ወፍጮው እዚያ እንዲተከል ያደረገው ቁልቁለት ነው እስከ ዛሬ ጎርፉንም የሚያመጣው።

ገንዘቡ ትንባሆ ነበር

የቅኝ ግዛት ዘመን የሜሪላንድን ትንባሆ እንደ አንድ ሰብል ብቻ አድርጎ ማሰብ አይበቃም። ገንዘብም ነበር። ግብር በትንባሆ ይከፈላል። የቄስ ደመወዝ በትንባሆ ይከፈላል። መሬት በትንባሆ ይገዛል። ቅጠሉ ደርቆ ትልልቅ በርሜል ውስጥ ይጠቀጠቃል። አንዱ በርሜል ግማሽ ቶን ገደማ ይመዝናል። ጋሪ ላይ ከመጫን ይልቅ በርሜሉን በጎኑ አስተኝተው እያንከባለሉ ወደ ወደብ ይወስዱታል። ባልቲሞር አጠገብ ዛሬም ሮሊንግ ሮድ የሚባል ጎዳና አለ፤ ስሙ የመጣው ከዚህ ነው።

የአካባቢው ወደብ ኤልክ ሪጅ ላንዲንግ ይባላል። ከወፍጮው ቦታ ቁልቁል፣ ፓታፕስኮ ላይ ነው። ያኔ ትልልቅ መርከቦች ይገቡበት ነበር። ትንባሆ ግን መሬት ይበላል። ጥቂት ዓመት ተመርቶበት አፈሩ ይደክማል፣ ከዚያ ሌላ ጫካ ይመነጠራል። የተራቆተው መሬት አፈር በዝናብ እየታጠበ ወንዙ ውስጥ ይገባል። በመጨረሻ ወደቡ ራሱ በደለል ተሞላ፣ መርከብ የማይገባበት ሆነ። ትንባሆ መውጫ በሩን በገዛ እጁ ደፈነ ማለት ነው።

የሠራተኛው ጉዳይም አለ። ትንባሆ ዓመቱን ሙሉ እጅ የሚፈልግ ተክል ነው። ማፍላት፣ መትከል፣ ጫፉን መቁረጥ፣ ትል መልቀም፣ ማድረቅ። ይህን ሁሉ የሚሠሩት በአብዛኛው በባርነት የተያዙ አፍሪካውያንና ልጆቻቸው ነበሩ።

የወንድማማቾቹ አመጣጥ

ጆሴፍ፣ አንድሩና ጆን ኤሊኮት ከፔንሲልቫኒያ፣ ከበክስ ካውንቲ ናቸው። ሃይማኖታቸው ኩዌከር ነው፤ ጦርነትን የማይደግፉ፣ አለባበሳቸው ቀላል፣ በንግድ ቃላቸው የሚታመን ሰዎች። አባታቸው ከእንግሊዝ፣ ከዴቮን የመጣ ነው። ልጆቹ ወፍጮ መሥራት ያውቃሉ። በተለይ ጆሴፍ ማሽን ወዳድ ሰው ነበር። በ1769 አራት ፊት ያለው፣ 24 ዜማ የሚጫወት ትልቅ ሰዓት ሠርቷል። ይህን ሰዓት ያዙልኝ፤ ወደ በኋላ ሌላ ሰዓት ይመጣል።

ዕቃቸውን ከፔንሲልቫኒያ በጀልባና በጋሪ እያፈራረቁ፣ በመጨረሻም በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ በኩል ኤልክ ሪጅ ላንዲንግ አደረሱ። የወፍጮ ብረታ ብረት፣ መጋዝ፣ ጋሪ፣ ፈረስ፣ የቤት ዕቃ፣ ሁሉም አለ። ከዚያ ሽቅብ ወደ ሸለቆው ሲጓዙ መንገዱ ከቦታው ሳይደርስ አለቀ። ጋሪዎቹን ፈታቱ። ጭነቱንና የጋሪዎቹን አካል ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው የቀረውን ርቀት አደረሱት። ፈረሶቹ እየተመሩ ገቡ። ይህን የጻፈችልን የጆርጅ ኤሊኮት ልጅ ማርታ ናት፤ ከአባቷና ከአጎቶቿ የሰማችውን በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሰፈረችው።

እዚያ ጫካ ውስጥ ግድብ ሠሩ፣ ቦይ ቆፈሩ፣ መጋዝ ቤት ተከሉ፣ ቀጥሎ ወፍጮውን አቆሙ። አንድሩና ጆን ታችኛውን ወፍጮ ያዙ። ጆሴፍ በዚያው ወንዝ ላይ ወደ ላይ ወጣ ብሎ የራሱን የላይኛውን ወፍጮ ያዘ።

የወፍጮውን ዓይነት መለየት ያስፈልጋል። እኛ የምናውቀው ወፍጮ ቤት እህል ይዘህ የምትሄድበት፣ አስፈጭተህ፣ ሒሳብ ከፍለህ ዱቄትህን ተሸክመህ የምትመለስበት ነው። በቅኝ ግዛቱም አብዛኛው ወፍጮ እንዲህ ነበር፤ ወፍጮኛው ከእህሉ ድርሻውን ይወስዳል። ኤሊኮቶች ያሰቡት የነጋዴ ወፍጮ ነው። ስንዴውን ራሳቸው ይገዛሉ፣ ይፈጫሉ፣ በበርሜል አሽገው ባሕር ማዶ ይሸጣሉ። ትርፉም ኪሳራውም የእነሱ ነው። እንዲህ ያለ ወፍጮ ያለ ብዙ ስንዴ አንድ ወር አይቆይም።

ከወፍጮው በፊት፣ ከወፍጮው በኋላ

ስለዚህ የመጀመሪያ ሥራቸው ባለርስቶችን ማሳመን ነበር። ከሁሉ የሚበልጠው ባለርስት ቻርለስ ካሮል ነው። ኋላ የአሜሪካን የነጻነት አዋጅ ከፈረሙት አንዱ የሆነው፣ ከፈራሚዎቹ ሁሉ በመጨረሻ በ1832 የሞተው ካሮል። ዶሬጋን የሚባለው ሰፊ ርስቱ ከወፍጮው ወደ ምዕራብ ነው። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በባርነት ይሠሩለት ነበር። ካሮል ከትንባሆ ወደ ስንዴ ማዞር ጀመረ። እሱ ሲያዞር ጎረቤቱም ዞር አለ። ትልቅ ሰው ቀድሞ ካልሞከረው ትንሹ ገበሬ ዘሩን አይለውጥም፤ ይህ የትም አገር ያለ ነገር ነው።

ግን በትንባሆ የደከመ መሬት ስንዴም በደንብ አይሰጥም። እዚህ ላይ ኤሊኮቶች ጀሶ አመጡ። ከኖቫ ስኮሺያ ድንጋዩን በመርከብ አስመጥተው ፈጭተው ለገበሬው አቀረቡ፤ ማሳ ላይ ሲበተን አፈሩን አነቃቃ፣ በተለይ ከስንዴው ጋር በፈረቃ የሚዘራውን የከብት መኖ። እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ይህ ነው። ወፍጮኛ ነገ የሚገዛው ስንዴ እንዲበቅል ዛሬ ማዳበሪያ ሲሸጥ።

ቀጥሎ መንገድ። ወደ ባልቲሞር የሚወስደውን ኤሊኮቶች በራሳቸው ወጪ ጠረጉ። ወደ ምዕራብ፣ በካሮል ርስት አልፎ ወደ ፍሬድሪክ የሚሄደው ላይ ካሮልም አግዟል። የፍሬድሪክ መንገድ ዋጋው ትልቅ ነበር፤ በዚያ በኩል ያሉት ጀርመን ሰፋሪዎች ቀድሞም ስንዴ አምራቾች ናቸው። ስንዴው አሁን ወደ ፓታፕስኮ የሚመጣበት በር ተከፈተለት።

ከዚያ ባልቲሞር። በ1729 የተመሠረተችው ከተማ ገና ትንሽ ናት። ኤሊኮቶች እዚያ የራሳቸውን የመርከብ ማራገፊያና መጋዘን ሠሩ። ውሃው ጥልቀት ሲያንሰው ደለሉን የሚጠርግ መሣሪያም አበጁ። ኤልክ ሪጅ ላንዲንግን የደፈነው ደለል ባልቲሞርን እንዳይደፍን ማለት ነው። የባልቲሞር ዱቄት ወደ ካሪቢያን ደሴቶችና ወደ ደቡብ አውሮፓ ይጫን ጀመር። ባልቲሞር ትልቅ ከተማ የሆነችው በዱቄት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እዚህ ላይ ዝም ብዬ የማላልፈው ነገር አለ። የሜሪላንድ ኩዌከሮች በ1770ዎቹ ባሪያ መያዝን ለአባሎቻቸው ከለከሉ። ኤሊኮቶች ሰፈራቸውን የሠሩት በቅጥር ሠራተኛ ነው፤ ይህ በዚያ ዘመንና በዚያ አገር ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም የካሮልን ስንዴ የሚያጭዱት በባርነት የተያዙ ሰዎች ናቸው። ዱቄቱን የሚበሉት የካሪቢያን ደሴቶች ደግሞ የስኳር ደሴቶች ናቸው፤ መሬታቸው ሁሉ ሸንኮራ ስለሆነ ምግባቸው ከውጭ ይመጣል፣ ሠራተኛቸው ሁሉ ባሪያ ነው። ወፍጮው ራሱ ባሪያ አልያዘም። ስንዴው ሲገባም ዱቄቱ ሲወጣም ግን ባርነትን ይነካል። በመሥራቾቹ መልካምነት ብቻ ታሪኩን የሚዘጉ ሰዎች ይህን ቢያነሡት ደስ ይለኝ ነበር።

የስንዴው መምጣት ሌላም ነገር አደረገ። ስንዴ በዘርና በአጨዳ ወቅት እንጂ ዓመቱን ሙሉ ብዙ ሰው አይፈልግም። ባለርስቶች ዓመቱን ሙሉ የሚቀልቡት ሰው በዛባቸው። አንዳንዶቹ ነጻ አወጡ፤ በአሜሪካ አብዮት ሐሳብና በሃይማኖት የተነኩም ነበሩ። ሌሎቹ ግን ሰዎቹን ወደ ደቡብ ሸጡ፤ ቤተሰብ ተበተነ። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሆነ። በ1810 በሜሪላንድ ከ33,000 በላይ ነጻ ጥቁሮች ነበሩ፤ ያኔ ከየትኛውም ግዛት የሚበልጥ ቁጥር ነው።

ሰው ያልነካው ዱቄት

የድሮው ወፍጮ ቤት ሥራ እንዲህ ነበር። ስንዴው በጆንያ በደረጃ ተሸክሞ ወደ ላይ ይወጣል። ከድንጋዩ የወጣው ዱቄት ትኩስና እርጥበት ያለው ነው፤ በአካፋ ተዝቆ፣ በገበታ ተጎትቶ እንደገና ወደ ላይኛው ፎቅ ይወጣል። እዚያ ወለል ላይ ይሰጣል። አንድ ልጅ በመጥረጊያ እያገላበጠ ያቀዘቅዘዋል። ከዚያ ወደ ወንፊቱ ይገፋዋል፣ ፉርሽካው ይለያል። በዚህ ሁሉ መሀል ሰው ዱቄቱ ላይ ይራመዳል።

የዴላዌር ሰው ኦሊቨር ኢቫንስ በ1780ዎቹ ይህን ለወጠው። ትንንሽ ባልዲዎች የተሰፉበት ቀበቶ እህሉን ወደ ላይ ያወጣል። ሳጥን ውስጥ የሚዞር ጠመዝማዛ እንጨት ወደ ጎን ይገፋዋል። የልጁን ሥራ በራሱ የሚዞር መጥረጊያ ይሠራል። የሚያንቀሳቅሰው ሁሉ ያው የውሃው መንኮራኩር ነው። ስንዴው በአንድ በኩል ገብቶ፣ የሰው እጅ ሳይነካው በሌላ በኩል ዱቄት ሆኖ ይወጣል። በ1790 የተሰጠው የፈጠራ መብት የአሜሪካ ሦስተኛው ነው።

ብዙ ወፍጮኞች አልተቀበሉትም። ኤሊኮቶች ቀድመው ከገጠሙት መካከል ነበሩ። ኢቫንስ ራሱ እንደጻፈው በኤሊኮቶች ወፍጮ በቀን 325 በርሜል ዱቄት ይመረት ነበር፤ በሠራተኛ ወጪ ብቻ በዓመት 4,875 ዶላር ድኗል። የዱቄት በርሜል ወደ 89 ኪሎ ገደማ ነው። ስለዚህ 290 ኩንታል የሚጠጋ በቀን ማለት ነው፣ በውሃ ጉልበት። ከቤተሰቡ ቶማስ ኤሊኮት በ1795 በወጣው የኢቫንስ የወፍጮ መመሪያ ውስጥ አንዱን ክፍል ጽፏል።

ኮረብታው ላይ ያለው ጎረቤት

ቤንጃሚን ባነከር ኅዳር 1731 ተወለደ። አባቱ ሮበርት ከባርነት ነጻ የወጣ ሰው ነው፤ እናቱ ሜሪ ነጻ ጥቁር ሴት ናት። በ1737 ሮበርት ከፓታፕስኮ በላይ 100 ኤከር መሬት ገዛ፤ 40 ሄክታር ገደማ። ዋጋው 7,000 ፓውንድ ትንባሆ ነበር። ከ30 ኩንታል በላይ ቅጠል መሆኑ ነው። በውሉ ላይ የስድስት ዓመት ሕፃን የነበረው የቤንጃሚን ስም ከአባቱ ጋር ገባ። አባት ይህን ያደረገው በማወቅ ነው ብዬ አምናለሁ። ነጻ ጥቁር ሰው ሲሞት ልጁ መሬቱን ሊነጠቅ በሚችልበት አገር፣ ስም ወረቀት ላይ መኖሩ አጥር ነው።

ባነከር ትንባሆ እያመረተ አደገ። ሃያ ዓመት አለፍ ሲለው የኪስ ሰዓት ተውሶ ውስጡን አጠና። ከዚያ የእያንዳንዱን ጥርስ ልክ አስልቶ፣ በቢላ ከእንጨት ቀርጾ፣ ሰዓት ሠራ። ሰዓቱ በየሰዓቱ ይደውል ነበር። ለአሥርተ ዓመታትም ሠራ። ጆሴፍ ኤሊኮት አራት ፊት ያለውን ሰዓት ከመሥራቱ ብዙ ዓመት በፊት መሆኑ ነው።

ኤሊኮቶች ሲመጡ ባነከር አርባ ዓመቱ ገደማ ነበር። እናቱ ሜሪ ለወፍጮው ሠራተኞች ዶሮ፣ አትክልት፣ ማር ታቀርብ ነበር። እሱም ይመጣል፣ የማሽኑን አሠራር ቆሞ ያያል። ወፍጮው አጠገብ የተከፈተው ሱቅ የአካባቢው ሰው ሁሉ መገናኛ ሆነ። ባነከር እዚያ ዕቃ ይገዛል፣ ወሬ ይሰማል፣ ይከራከራል።

ከቤተሰቡ የቀረበው ጆርጅ ነው፤ የአንድሩ ልጅ፣ በ1760 የተወለደ። በዕድሜ ልጁ ሊሆን ይችላል። ጆርጅ የሥነ ፈለክ መጻሕፍትን፣ ቴሌስኮፕና የሚሠራበትን ጠረጴዛ አዋሰው። ጊዜ ሲያገኝ መጥቶ ሊያስረዳው ቃል ገባ። ሥራ በዛበትና ዘገየ። ሲመጣ ባነከር ብቻውን አልፎ ሄዷል። ሃምሳ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ቀን እርሻ፣ ሌሊት ሰማይ። በ1789 የፀሐይ ግርዶሽ ስሌት ሠርቶ ለጆርጅ ላከለት። ያንን የሚሠራው እንግዲህ ከመጽሐፍ ቤት የራቀ፣ ትምህርት ቤት ብዙም ያልቆየ፣ ብቻውን በአንድ ክፍል የእንጨት ጎጆ የሚኖር ገበሬ ነው።

በየካቲት 1791 የጆሴፍ ልጅ ሜጀር አንድሩ ኤሊኮት የአዲሲቱን ዋና ከተማ የዋሽንግተንን ወሰን እንዲለካ ታዘዘ። ባነከርን ይዞት ሄደ። ሥራቸው የጀመረው ዛሬ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት አሌክሳንድሪያ፣ ጆንስ ፖይንት ላይ ነው። ባነከር በድንኳን ውስጥ ሰዓቱንና ሌሊት የኮከብ ምልከታውን ይጠብቅ ነበር። ቅዝቃዜ ነው፣ እርጥበት ነው፣ ሰውየው ስልሳ ሊሞላው ነው። 60 ዶላር ተከፈለውና በሚያዝያ ወደ እርሻው ተመለሰ። የመጀመሪያው የወሰን ድንጋይ በሚያዝያ 15 ቀን ተተከለ። የከተማዋ ወሰን ያኔ አራት ጎን ነበር፣ እያንዳንዱ ጎን አሥር ማይል፤ በየማይሉ ድንጋይ ቆመ፣ አብዛኞቹ ዛሬም አሉ።

በዋሽንግተን አንድ ወሬ ይወራል፦ ዕቅድ አውጪው ላንፋን ተቆጥቶ ካርታውን ይዞ ሲሄድ ባነከር ሙሉውን በቃሉ አስታውሶ ሣለው ይባላል። ይህ አልሆነም። ላንፋን በ1792 ሲሰናበት ባነከር ከሄደ ብዙ ወራት አልፎታል። ዕቅዱን የጨረሰው ሜጀር ኤሊኮት ነው። ባነከርን ለማክበር ተረት መጨመር አያስፈልግም፤ የሠራው ይበቃዋል።

ከሥራው ሁሉ እኔ የማስቀድመው ደብዳቤውን ነው። ነሐሴ 19 ቀን 1791 ለውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ለቶማስ ጄፈርሰን ጻፈ። በእጁ የጻፈውን የ1792 አልማናክ ስሌት አያያዘለት፤ አልማናክ የዓመቱን የፀሐይና የጨረቃ አካሄድ ከቀን መቁጠሪያ ጋር የያዘ መጽሐፍ ነው። ደብዳቤው የጄፈርሰንን የራሱን የነጻነት አዋጅ ቃል መልሶ ያነብለታል። ሰው ሁሉ እኩል ተፈጥሯል ብለህ ጽፈሃል፤ አንተው ግን ወንድሞቼን በግፍና በማታለል ይዘሃል፤ በሌላ የምትጠላውን ወንጀል አንተ ትሠራለህ የሚል ሐሳብ ነው። በትሕትና የተጻፈ፣ ግን አንድም ነገር ያላስቀረ። ጄፈርሰን ነሐሴ 30 ቀን በጨዋነት መለሰ፣ ስሌቱንም ፓሪስ ለሚገኘው የሳይንስ አካዳሚ ጸሐፊ ልኬዋለሁ አለ። ስለ ባርነት የቀረበለትን ክስ ግን አልመለሰም።

አልማናኮቹ ከ1792 እስከ 1797 ታተሙ። በባልቲሞር የነበረው ኤሊያስ ኤሊኮትና ሌሎች ፀረ ባርነት ኩዌከሮች በማሳተሙ ረድተዋል። ባነከር ሲያረጅ መሬቱን ለኤሊኮቶች ሸጦ በዓመት 12 ፓውንድ እየተከፈለው ኖረ። በጥቅምት 1806 ሞተ። በተቀበረበት ቀን ጎጆው ተቃጠለ፤ የእንጨት ሰዓቱም አብሮ ጠፋ። አስቀድሞ ግን ለእኅቶቹ ልጆች አደራ ብሎ ነበር፦ ስሞት ከጆርጅ የተዋስኩትን ሁሉ መልሱለት። ጠረጴዛውና መጻሕፍቱ፣ ከእነሱም ጋር የስሌት መዝገቡ፣ ገና በሞተበት ዕለት ከቤቱ ወጥተው ጆርጅ ጋ ደርሰው ነበር። ስለዚህ ተረፉ።

ጄፈርሰን በ1809 ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ ባነከርን ዝቅ አደረገው። ጎረቤቱ ኤሊኮት ሳይረዳው አልቀረም፣ ያወድሰውም ነበር ብሎ ጠረጠረ። ያኔ ባነከር ሦስት ዓመት ሆኖታል ከሞተ፤ መልስ መስጠት አይችልም። መልሱ መዝገቡ ውስጥ አለ። በየወሩ የፀሐይንና የጨረቃን አካሄድ ያሰላበት፣ ስሕተት ያገኘበትንም ከየትኛው መጽሐፍ እንደመጣ ለይቶ የጻፈበት ነው። የባነከር የራሱ የእጅ ጽሑፍ ነው፤ ባልቲሞር በሚገኘው፣ ቀድሞ የሜሪላንድ ታሪክ ማኅበር ይባል በነበረው የሜሪላንድ የታሪክና የባህል ማዕከል ተቀምጧል።